ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ስለ ወደቅሁበት የእንግዳ አቀባበል ፈተና

ለሐይቅ ዳር አስጎብኚዎች የበይነ መረብ ሥልጠናና ምዘና ማስተባበሪያ
ለክቡር ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? የቢሮዎ ኮምፒዩተሮችስ እንዴት ሰነበቱ? ኮምፒዩተሮቹን ለይቼ መጠየቄ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የእኔ እንጀራ ዛሬ በእነሱ ጤንነት ላይ የቆመ ስለሆነ ዘወትር በጸሎቴ አስባቸዋለሁ። እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን። ጣናም ደኅና ነው፤ እንግዳ ጠፋ ብሎ አልደረቀም፣ ጉማሬዎቹም አገር ለቀው አልሄዱም።

ስሜ አምባቸው ነው። ከባሕር ዳር ወደብ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት በራሴ ጀልባ እንግዳ እያመላለስሁ አስጎበኛለሁ፤ ወይም አስጎበኝ ነበር ብል ይቀላል። መንገዱ አላስተማምን ብሎ እንግዳ ከራቀን ወዲህ ጀልባዬ ላይ የሚሳፈር ወፍ ብቻ ነው። ቢሮዎ በዚህ ክፉ ጊዜ እጃችንን አጣጥፈን እንዳንቀመጥ አስቦ፣ በስልካችን እየተማርን ሙያችንን የምናሻሽልበት ሥልጠና ማዘጋጀቱን በሰማን ጊዜ ከልብ ደስ አለን። ፈተናውን ያላለፈ ሰው ፈቃዱ አይታደስም፣ ጀልባውም ከወደብ አትንቀሳቀስም የሚለው ማስታወቂያ ሲከተል ደግሞ ደስታችንን የምንችልበት አጣን። እንግዲህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን አንዱን ከሌላው መለየት ስለቸገረኝ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ትምህርቱ። መጀመሪያ እንግዳን በሊፍት እንዴት እንደምናወጣና እንደምናወርድ ተማርን። ጀልባዬ ፎቅ ስለሌላት እስካሁን አልተጠቀምሁበትም፤ ቢሆንም ዕውቀት አይጣልም። ቀጥሎ በበረዶ ላይ የሚንሸራተት እንግዳ እግሩ ቢሰበር ስለሚደረግለት እርዳታ ተማርን። ጣና በረዶ የሠራ ቀን የሠለጠነ ሰው የሚገኘው እኛ ዘንድ ብቻ ነውና፣ ስለ አርቆ አሳቢነትዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፪. ስለ ኔትወርክ። ይህ ሌላ መሥሪያ ቤትን የሚመለከት ነው መባሌ ስለማይቀር ትቼዋለሁ። ደኅና አድርጎ የሚይዘው ከወደቡ ዋርካ ሥር ብቻ መሆኑን ግን፣ ለቀጣዩ ቁጥር ስለሚያስፈልግ፣ ይያዙልኝ።

፫. ስለ ፈተናው። በዚሁ ዋርካ ሥር ዱካ አምጥቼ፣ ስልኬን በድንጋይ አስደግፌ ተቀመጥሁ። የፈተናው ርእስ «የእንግዳ አቀባበል» ይላል። ደንቡ እንደሚያውቁት ጥብቅ ነው፤ ካሜራው ፊት ለፊት እያየኝ፣ ከመቀመጫዬ ሳልነሣ፣ ከማንም ጋር ሳልነጋገር፣ ዓይኔንም ከስልኩ ሳልነቅል መጨረስ አለብኝ። እስከ መጨረሻው ጥያቄ ድረስ እንደ ሐውልት ደርቄ ቆየሁ። የመጨረሻው ጥያቄ፣ እንግዳ ወደ እርስዎ ሲመጣ በቅድሚያ ምን ያደርጋሉ የሚል ነበር። መልሱን አላጣሁትም፤ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ በፈገግታ ሰላምታ እሰጣለሁ የሚለው ነው። ጣቴን ልሰድ ስል፣ ከደሴት የመጣች ጀልባ ደረሰችና አባ ወልደ ሐዋርያት ወረዱ።

አባ በደሴቱ ገዳም ያረጁ መነኩሴ ናቸው፤ ሕመም ካልጠናባቸው በቀር ወደ ከተማ አይወጡም። መስቀላቸውን አውጥተው፣ እንዴት ሰነበትህ ልጄ፣ ቤቱ ደኅና፣ ጀልባዪቱስ ደኅና፣ እያሉ በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ባደረጉ ነበር? እኔስ ተነሣሁ። ጎንበስ ብዬ መስቀሉን ተሳለምሁ፤ የእሳቸውን ጤና፣ የማኅበሩን ጤና፣ የጌሾውን ሁኔታ ጠየቅሁ፤ እሳቸውም ልጆቼን በየስማቸው ጠሩልኝ። የእኛ አገር ሰላምታ፣ እርስዎም እንደማይጠፋዎት፣ ጀምረው መሀል ላይ የሚያቋርጡት ነገር አይደለም። ተመልሼ ስቀመጥ ስልኩ በቀይ ጽሑፍ ተሞልቶ ጠበቀኝ፤ ተፈታኙ ከመቀመጫው ተነሥቷል፣ ያልተፈቀደ ሰው ታይቷል፣ ምንነቱ ያልታወቀ ዕቃ ወደ ተፈታኙ አፍ ቀርቧል፣ ስለዚህ በማጭበርበር ወድቋል፣ እስከ መጪው ዓመትም አይፈተንም ይላል።

ላስረዳ ሞከርሁ። ነገሩን ዘርዝሬ በስልኩ ጻፍሁ፤ ስልኩም ያንኑ ቀይ ጽሑፍ መለሰልኝ። ድሮ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል ነበር፤ አሁን ስልክም ተጨምሯል። አባ የሆነውን ስነግራቸው በጣም አዘኑ፤ ምናልባት ስልኩን ሳልባርከው ቀርቼ ተቀይሞ ይሆን ብለውም መስቀላቸውን አስነኩት። ይህም እንደ ሁለተኛ ጥፋት ተመዝግቦብኝ ይሆናል።

፬. ፈተናውን ስላለፈው ሰው። ጓደኛዬ ሰላህ ጀልባውን ከጀልባዬ አጠገብ የሚያስር፣ የወረታ ነጋዴዎች ልጅ ነው። የእኔን ውርደት አይቶ እጅግ ተጠንቅቆ ተፈተነ። በፈተናው መካከል አክስቱ ወይዘሮ መሪየም ሩዝ ተሸክመው ሊጠይቁት ከወረታ ድረስ መጡ። አሰላሙ ዐለይኩም አሉት፤ ዝም። ደገሙለት፤ ዝም። የሰላምታ መልስ ግዴታ መሆኑን ከልጅነቱ ጀምሮ የተማረው ሰላህ፣ ላቡ እየተንጠፈጠፈ ስልኩ ላይ አፈጠጠ። አለፈ። በእንግዳ አቀባበል ብቃቱ የተረጋገጠ መሆኑን የሚገልጽ የምስክር ወረቀትም ደረሰው፤ ወይዘሮ መሪየም ግን ከነሩዛቸው ተመልሰዋል። ለዕርቅ ከተላክነው ሽማግሎች አንዱ እኔ ነበርሁ። እኛን ከደጃፋቸው ድረስ ወጥተው ተቀበሉን፣ አበሉን፣ አጠጡን፤ የሰላህን ስም ስናነሣ ግን፣ እሱ ሰው አይደለም፣ ከስልኩ ጋር ይዛመድ፣ ብለው አሳፈሩን።

፭. ቀልዱን ልተወውና፣ የመጨረሻው ይህ ነው። የፊታችን ቅዳሜ ጡረታ የወጡ መምህራን ከሐዋሳ ይመጣሉ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ደውለው ጀልባህ አለች ወይ ያሉኝ እነሱ ብቻ ናቸው። ከመካከላቸው ወይዘሮ ፅጌ ማርያም የሚባሉት በወጣትነታቸው ከሐይቁ ማዶ ቆላ ድባ ሲያስተምሩ ጣናን በጀልባ ተሻግረው ያውቃሉ፤ ጉልበቴ ጨርሶ ሳይከዳኝ አንዴ ልየው ብለው ነው የሚመጡት። ሰላህ ፈቃድ አለው እንዳልል፣ ቅዳሜ አክስቱ እግር ላይ ሊወድቅ ወረታ ይሄዳል። እኒያን እናት ከወደብ ላይ ሆነው ሐይቁን አይተው እንዲመለሱ ማድረግ በጣም ያሳዝነኛል።

ስለዚህ አንድ ትሁት ሐሳብ አለኝ። እርስዎ ራስዎ ከቅዳሜ በፊት ወደ ወደቡ ብቅ ይበሉና ይፈትኑኝ። እንደ እንግዳ ይምጡ። እርስዎን አይቼ ብነሣ ማለፌ፣ ባልነሣ መውደቄ ይሁን። ካሜራ አያስፈልገንም፤ የሚታዘበን ሰው ወደቡ ላይ ሞልቷል።

በበረዶና በሊፍት ስላሠለጠኑኝ ውለታዎን ሳልዘነጋ፣ ዘመንዎ እንዲረዝም፣ ኔትወርክዎም እንዳይቋረጥ እየተመኘሁ፣ ይህን ደብዳቤ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ እጅ ነሥቼ እዘጋለሁ።

በአጭበርባሪነት የተመዘገብሁ ታዛዥዎ፣
አምባቸው ገድሉ
የታሰረች ጀልባ ባለቤት
ባሕር ዳር

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በእጄ ላደርስልዎ ትናንት ቢሮዎ መጥቼ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ እንደምን አደራችሁ አልሁ። ከመቀመጫው የተነሣ፣ ሰላምታዬን የመለሰ፣ ዓይኑን ከስልኩ የነቀለ አንድም ሠራተኛ አልነበረም። በመጀመሪያ ትንሽ ከፋኝ፤ ኋላ ግን ነገሩ ገባኝና እንኳን ደስ አላችሁ ብዬ ወጣሁ፤ መሥሪያ ቤትዎ በሙሉ ፈተናውን በከፍተኛ ማዕረግ አልፏል። የሚቀበለኝ ስላጣሁ ደብዳቤውን ይኸው ለሕዝብ ግልጽ አድርጌዋለሁ። ቅዳሜ ጀልባዬ እንደታሰረች ብትውልም፣ እኔ ወደቡ ላይ ቆሜ እንግዶቼን እቀበላለሁ፤ ለመቆም ፈቃድ እንደሚያስፈልግ እስካሁን አላሳወቁንም።