የቢሻሮ ድስት

ድሬዳዋ
ጥር 3 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለናፈቅሽኝ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? የጅቡቲ ሙቀት ተሻለው ወይስ ባሰበት? ባለቤትሽስ ሥራ አገኘ? አዝለሽው የወጣሽው ትንሹ ልጅሽ አሁን መሮጥ ጀምሯል አሉ፤ ለንግድ በባቡር የምትመላለሰው ሃሊሞ ነች የነገረችኝ። እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት አለን። ሀብተ ማርያም እንደወትሮው ከባቡር ጣቢያ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ጣቢያ ነው፤ ፀጉሩ ሸበተ እንጂ ዝምታው ያው ነው። ገብረወልድ ሦስተኛ ክፍል ገባ። ማሙሽ ሦስት ዓመት ሞላው፤ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። ሠፈሩ በሙሉ ይናፍቅሻል፣ አፍ አውጥቶ ባይናገርም።

ይህን ደብዳቤ ለማንም አታስነብቢ። ማታ ትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ ተጨናንቀን ፊደል የቆጠርነው ለዚህ ቀን ነው። ጽሕፈቴ አሁንም ዶሮ የጫረው ይመስላል፤ አትሳቂብኝ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ዙሪያ ጥምጥም እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ሁለት ጊዜ ዋሽቼሻለሁ። ሐምሌ ላይ በሃሊሞ በኩል «ልጄን ላኪልኝ» ስትዪ፣ ትኩሳት ይዟታል፣ መንገድ አትችልም ብዬ መለስኳት። ልጅሽ በዚያች ሰዓት ጓሮ ገመድ እየዘለለች ነበር። መስከረም ላይ ደግመሽ ስትልኪ፣ ሀብተ ማርያም ሐዲዱ ገና አያስተማምንም ይላል አልኩ። ሀብተ ማርያም እንዲህ አላለም። ባቡሩ ደህና አድርጎ እየሄደ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ሃሊሞ ዓይን ዓይኔን አይታ «እሺ» ብላ ሻንጣዋን አንስታ ሄደች። አቦ፣ ከዚያች ሴት ምንም ነገር አይደበቅም።

ለምን እንደዋሸሁሽ ለመንገር የገናውን ቀን ማውራት አለብኝ፤ ሌላ መንገድ ፈልጌ አጣሁ።

ካቻምና ነሐሴ ላይ የሶማሊያ መድፍ ከተማው ውስጥ ሲወድቅ፣ ለሦስት ቀን ብለሽ ነበር ልጅሽን የተውሽልኝ። የባልሽ ስም ተጠርቷል ሲባል፣ አንቺ ትንሹን አዝለሽ፣ ቢሻሮ እኛ ጓሮ ከልጄ ከየኔነሽ ጋር እየተጫወተች፣ «ሂጂ፣ እኔ አለሁ» ያልኩሽ እኔ ነኝ። ሦስቱ ቀን አንድ ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። በዚያው ጥቅምት ሁለቱም ሴቶች ልጆች ኩፍኝ ወጣባቸው። አንድ አልጋ ላይ አስተኛኋቸው፣ ቢሻሮን በግራ፣ የኔነሽን በቀኝ። መድኃኒት ቤቱ ባዶ ነበር፤ ሐኪም የተባለ ሁሉ ቁስለኛ ላይ ነበር። በስምንተኛው ቀን ቢሻሮ ዓይኗን ገልጣ ውሃ ጠየቀችኝ። ልጅሽ ዳነች። ስለዚያ ወር ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ከዚያ የቀበሌው የስኳር ካርድ መታደስ መጣ። የናንተ ቤት ሰዎች ከጠላት ጋር የሸሹ ተብሎ ተጽፎባችኋል። የሸሸ ሰው ልጅ እዚህ አለች ቢባል የት እንደሚወስዷት አላውቅም፤ እስካውቅም አልጠበቅኩም። ካርዳችን ላይ «የኔነሽ ሀብተ ማርያም፣ ሴት፣ ስድስት ዓመት» የሚል ተጽፎ ነበር። ቢሻሮን እጇን ይዤ ሄድኩና በዚያ ስም አስቆጠርኳት። ሠፈሩ በሙሉ ተሰልፎ እያየኝ ነበር። እግዜር ይስጣቸው፣ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም።

ቤትሽን ለቀበሌው አዲስ ሰው ሰጡት። ጓድ ተሰማ ይባላል፤ ዘንድሮ ነው ከደጋ የመጣው፤ የሠፈሩን የትናንት ነገር አያውቅም። ክፉ ነው ብዬ ኃጢአት አልገባም። ሽጉጥ ታጥቆ ይዞራል፣ ማታ ማታ ግን በርሽ ላይ ብቻውን ተቀምጦ የተቀደደ ካልሲውን ሲሰፋ አየዋለሁ። ልጅሽ ከአጥሩ ወዲህ ቆማ የገዛ ቤቷን ታያለች፤ አንድም ቀን «የኛ ነው» ብላ አታውቅም። ይህን ማን እንዳስተማራት አላውቅም፤ እኔ አይደለሁም።

አምና ገናን አላከበርንም። ዘንድሮ ታኅሣሥ ሲገባ ገብረወልድ መጥቶ፣ እማዬ ዘንድሮም የለም? አለኝ። የጠየቀኝ መሬት መሬት እያየ ነው። ሞቼ ነው ቆሜ! ልጆች በገና ቀን ለሁለተኛ ዓመት ግድግዳ ሲያዩ አይውሉም አልኩ። ሀብተ ማርያም ከአሁን በኋላ በዓል ምን ያደርግልናል ብሎ ሊጀምር ሲል፣ አንተ ዶሮዎቹን ብቻ አምጣ አልኩት። አመጣ።

በዋዜማው ልጆቹ የገና ዛፍ አማራቸው። ድሬዳዋ ውስጥ ጥድ ከየት ይመጣል? ቢሻሮ ሄዳ ከአጥሩ በላይ ጓድ ተሰማን ጠራችውና ከዘይቱኑ ዛፍ አንድ ቅርንጫፍ ለመነችው። አንቺ የተከልሽው ዘይቱን ነው፣ አሁን ጣራውን አልፏል። ራሱ ወጥቶ ቆርጦ ሰጣት። ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ አሸዋ ሞልተን ተከልነው። ከሲጋራ ወረቀት ኮከብ ሠሩ፣ ከፍራሽ የወጣ ጥጥ በላዩ በተኑ። ማሙሽ ጥጡ ምንድነው ሲል ገብረወልድ በረዶ ነው አለው፤ በረዶ አንድም ቀን አይቶ የማያውቀው ሊቅ! ማሙሽም የበረዶ ሸርቤት መስሎት ጎረሰው፤ ከጉሮሮው በጣቴ ነው ያወጣሁት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቆልማማ ዱላቸውን ይዘው፣ ጨርቅ ጠቅልለው ኳስ ሠርተው፣ ደቻቱ ወንዝ አሸዋው ላይ ከመጋላ ሠፈር ልጆች ጋር ገና ሲጫወቱ ዋሉ። ቢሻሮ አቧራ ለብሳ፣ ክርኗ ተልጦ፣ አሸነፍን እያለች ገባች። ያን ቀን ቤቱ ውስጥ ሳቅ ሰማሁ፤ ቆሜ አዳመጥኩት።

አሁን ድስቱን ስሚ። አንቺ ስትሄጂ ስለ ሥጋ ምንም አላልሽኝም፣ ጊዜም አልነበረሽም። እኔ ግን ለራሴ ቃል ገባሁ፤ እናቷ ስትመጣ ልጇን እንደተወቻት ታገኛታለች፣ በአፏ የክርስቲያን ሥጋ አይገባም አልኩ። በጾሙ ወራት ሁላችንም አንድ ሽሮ እንበላለን፣ ችግር የለም። ለዒድ መጋላ ሙመድ ቤት እልካታለሁ፤ ባለሱቁ ሙመድ፣ ያንን ሽማግሌ አትረሺውም። ለገና ሁለት ዶሮ ገዛን። አንዱን ሀብተ ማርያም በስመ አብ ብሎ አረደ፤ ሁለተኛውን ሙመድ ዘንድ ወስጄ ቢስሚላሂ ብሎ ባረከልኝ። ሁለት ድስት፣ ሁለት ማማሰያ፣ ሁለት ሳህን። ትንሿን ድስት «የቢሻሮ ድስት» እንላታለን፣ በር ተዘግቶ ሲሆን።

ገና ዘንድሮ እሑድ ነበር የዋለው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ ገበታ ቀርቦ፣ ልጆቹ ዙሪያውን ከበው ሳለ በሩ ተንኳኳ። ጓድ ተሰማ ነው። ኮፍያውን አውልቆ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ከረሜላ ይዞ፣ እንኳን አደረሳችሁ አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያለው፤ ለካድሬ እንዲህ ማለት እንደማይፈቀድለት እሱም እኛም እናውቃለን። በበዓል ቀን ደጅ የመጣ ሰው አይመለስም፤ ግባ አልነው። የሀብተ ማርያም ፊት አመድ ሆነ። ሁለት ድስት አይቶ ምነው አለ። አንዱ አልጫ ነው፣ ልጅቷ ኩፍኝ ካመማት ወዲህ በርበሬ አይስማማትም አልኩ። አመነኝ።

ለቢሻሮ ሳህኗን ለብቻ አቀረብኩላት። አሥራ ሰባት ወር አንድም ቀን ያላጉረመረመች ልጅ ያን ቀን ሳህኑን ገፋችው። እኔም ከዚያኛው አለች። በዓይኔ ጠቀስኳት። ባሰባት፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ከኔ ጋር ማንም አይበላም፣ ሁልጊዜ ብቻዬን ነው የምበላው አለች። ልቤን ለሁለት ሰነጠቀችው። ጓድ ተሰማ ባደገበት ባህል፣ ኧረ በዓል ነው፣ ትንሽ ብትቀምስ ምን አለበት ብሎ ከትልቁ ወጥ አንድ ጉርሻ ጠቀለለላት። እጁ ተዘረጋ። አፏን ከፈተች።

እህቴ፣ እዚያች ላይ ምን ላድርግ? አትብላ ብዬ እጁን ብመልሰው፣ ለምን ሊል ነው፤ ለምን ካለ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይወጣል። ዝም ብል ቃሌን በላሁ። ከተቀመጥኩበት ዘልዬ ተነሳሁና በልጅሽና በእጁ መሀል ገብቼ ተቀመጥኩ። ለኔ ይሁን ብዬ ጉርሻውን ራሴ ጎረስኩት። ከዚያ የቢሻሮን ሳህን ሳብኩ። ማነው ብቻሽን ትበያለሽ ያለሽ? እኔ አለሁ አይደል? አልኳት። ሙመድ ካረደው ዶሮ ቆረስኩና በላሁ። በገና ቀን፣ አርባ ሦስት ቀን ጾሜ፣ ከቤተ ክርስቲያን በመጣሁበት አፌ። ገብረወልድ ዓይኑ ፈጠጠ፤ እሱ ያውቃል። ሀብተ ማርያም አንገቱን ደፋ። እኔ ሁለተኛም ሦስተኛም ቆረስኩ።

ልጅሽ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች፣ አየችኝ፣ መብላት ጀመረች። ትንሽ ቆይታ በትንሽ እጇ ጠቅልላ አጎረሰችኝና፣ እማዬ ጣፈጠሽ? አለችኝ።

እትዬ ነበር የምትለኝ። እማዬ በዪኝ ብዬ አስተምሬያት አላውቅም፤ ቀበሌ ስንሄድ እንኳ እንዲህ በይ አላልኳትም። ጓድ ተሰማ ምንም ሳይመስለው ዶሮውን እያመሰገነ በልቶ ሄደ። እኔ ግን ማድ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ደስ አለኝ። የኔ ትሁን አልኩ። ጥምቀት እየመጣ ነው፣ ላስጠምቃት፣ ስሙ አለ፣ ካርዱ አለ፣ ቀሚሶቹ በልኳ ናቸው፣ ማን ይጠይቀኛል? በሐምሌና በመስከረም የዋሸሁሽ በዚሁ ምክንያት ነው፤ ያኔ ግን ለራሴም አላመንኩም ነበር። ፊት ለፊቴ ያቺ ትንሽ ድስት ተጥዳለች። ለማን ብዬ ነው ለብቻ የጣድኳት? ላንቺ ብዬ ነው። ሃይማኖቴን በአደባባይ ያስጣለችኝን ድስት ጥጄ ልጅሽን ልሰርቅሽ? አፈርኩ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ከዚያ ዕቃውን አጠብኩ።

ማክሰኞ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ዶሮውንም ውሸቱንም ነገርኳቸው። ስለ ዶሮው ተጸጽተሻል ወይ አሉኝ። አባቴ፣ ስለ ዶሮው አልዋሽዎትም፣ ነገም ቢሆን እበላዋለሁ አልኩ። እንግዲህ የዶሮውን ቀኖና እኔ እሰጥሻለሁ፣ የውሸቱን ግን የበደልሻት እናት ናት የምትሰጥሽ፣ ለሷ ጻፊ አሉኝ። መጻፌ ይኸው ነው። የፈለግሽውን ፍረጂብኝ፤ እቀበላለሁ።

ለሃሊሞም ዛሬ ነገርኳት። ቅዳሜ በሚነሳው ባቡር ልጇ አድርጋ ታሳፍራታለች፤ ሀብተ ማርያም እስከ ፉርጎው በር ይሸኛቸዋል። ጓድ ተሰማ ከጠየቀኝ አያቷ ዘንድ አሰበ ተፈሪ ሄደች እላለሁ። ውሳኔዬ አይለወጥም፤ እንዳይለወጥም ይህን ደብዳቤ ለገና ባሰፋሁላት ቀሚስ ጠርዝ ውስጥ እሰፋዋለሁ። እንግዲህ ይህን ስታነቢ እሷ አጠገብሽ ናት።

ጠዋት ጠዋት እናትሽ የት ናት ብዬ በቋንቋችሁ «ሆዮ ጅቡቲ ናት» አስብላታለሁ፤ ሰሞኑን እንደ ትምህርት ቤት ጥያቄ ነው የምትመልሰው፤ ፊትሽ ጠፍቶባታል። አትዘኚ፣ ልጅ ነች፣ ይመለሳል። በር ጮክ ብሎ ከተዘጋ ጠረጴዛ ሥር ትገባለች፤ አትጎትቻት፣ ራሷ ትወጣለች። ምግብ እምቢ ካለችሽ ከሳህኗ ቀድመሽ ብዪላት። ስትተኛ የአልጋውን ቀኝ በኩል ባዶ ትተዋለች። ተያት፣ ትተወው።

አንድ ነገር ብቻ። ቢሻሮ ብለሽ ስትጠሪያት ቶሎ ካልዞረች አትደንግጪ። አንዴ፣ አንዴ ብቻ የኔነሽ ብለሽ ጥሪያት፤ አቤት ትልሻለች። ከዚያ በኋላ ግን ስሙን ደግመሽ አታንሺው። ስሙ ባለቤት አለው፤ እዚህ ሚካኤል ግቢ፣ ከአጥሩ ሥር ነው ያለችው፣ እሑድ እሑድ እሄዳለሁ።

ትንሿን ድስት አልልክልሽም፣ እዚሁ አጥቤ ሰቅያታለሁ። ዘመኑ ሲለወጥ ልጆችሽን ይዘሽ ትመጫለሽ፤ ሙመድ ያርዳል፣ እኔ እሠራለሁ። እስከዚያ ድረስ ያንቺም የኔም የሆነው አንድ ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅሽ፣ በልጆችሽ ጥላ ሥር ያኑርሽ፣ እንባሽን ያብስልሽ።

ከአጥሩ ወዲህ ያለችው እህትሽ፣
የገብረወልድ፣ የማሙሽና የየኔነሽ እናት