ደወሉ የዘገየበት ቀን

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ኅዳር 6

ለምወድሽ ባለቤቴ፣ ለልጃችን እናት፤

ሰሞኑን በትምህርት ቤታችን የመምህራን ስብሰባ ላይ ንግግር አድርጌ አዳራሹን ጸጥ አሰኘሁት። እሺ፣ ንግግር እንኳ አይባልም፤ ወንበር ሳስገባ አንዱ ከእጄ አምልጦ ወደቀና ሁሉም ዞሮ አየኝ። ጸጥታው ግን እውነት ነው።

ደግሞ ጽሑፉን አይተሽ "የማን እጅ ነው?" እንዳትዪ። የራሴ ነው! እስከ ዛሬ እኔ እየተናገርኩ ልጃችን ነበረች የምትጽፍልሽ። የማታ ትምህርቱን ጨርሼ፣ ያውም ከክፍሉ አንደኛ ሆኜ፣ ይኸው ራሴን ችያለሁ። (አራት ነበርን፤ አንዱ መነጽሩ ጠፍቶበት አቋርጧል።) የዛሬው ጉዳይ በእሷ እጅ የሚጻፍም አይደል፤ ስለ እሷ ነውና።

አንቺ ለሥራ ባሕር ማዶ ከሄድሽ ወዲህ ልጅቷ አፏን ዘጋች። "እንዴት ዋልሽ?" ስላት "ደህና"፤ "ምን ተማራችሁ?" ስላት "ምንም"። ክፍልም ውስጥ እንደዚያው ሆነችና የሒሳብ መምህሩ ወደ አዲሷ ሳይኮሎጂስት ወሰዳት፤ የልጆችን ሆድ እንድታዳምጥ ወደተቀጠረችልን ሴት። በሯ ላይ ቆሞ፣ "ይቺን ጠግነሽ መልሺልኝ፤ ለፈተና ትድረስልኝ" ሲላት በጆሮዬ ሰማሁ።

ልጅሽ ከዚያ ክፍል ምን ሆና ወጣች መሰለሽ? እየሳቀች! እኔ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሰው የማስቅ ሰውዬ ስንት ወር ሙሉ ጥርሷን ማየት አቅቶኝ፣ ይቺ ትናንት የመጣች ሴት በአንድ ክፍለ ጊዜ! ቅናት አንጀቴን አሳረረው። ድሮ ያለቀሰ ልጅ ሁሉ ወደ ደወሉ ሥር፣ ወደ እኔ ነበር የሚመጣው። አሁን እሷ የምትሽከረከር ወንበር አላት፤ እኔ ያለኝ ድንጋይ ነው።

ስለዚህ በስብሰባው ላይ መምህራኑ ሲነሱባት ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም። የሒሳብ መምህሩ፣ "እኛ ያስቸገረንን እንልክልሻለን፣ አንቺ አስተካክለሽ ትመልሻለሽ። ሥራሽ ይኸው ነው" አላት።

"እኔ ጋራዥ አይደለሁም" አለችው። "ልጁን ነጥዬ ብቻውን ባየው ምን ይፈይዳል? ክፍላችሁ ልግባ፣ አብረን እንየው። ወላጆቹንም ላነጋግር።"

"ልትሰልለን ነው እንዴ?" አለች የሳይንስ መምህርቷ።

እኔም ከኋላ፣ "እውነቷን ነው፣ ልትሰልለን ነው!" አልኩ። ርእሰ መምህሩ ሲያፈጥብኝ ወንበሬን ታቅፌ ውልቅ።

በማግስቱ ሳይኮሎጂስቷ ክፍል ገባሁ። "ልጄ ምንድን ነው የምትነግርሽ?"

"የነገረችኝ የእሷ ነው፣ ጋሼ። እሷኑ ይጠይቋት። እርስዎስ? ባለቤትዎ ከሄዱ ወዲህ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?"

"ወንድ ልጅ ከደወሉ ጋር ያወራል" አልኳት።

ያን ቀን የመውጫው ደወል ዘገየ። ገመዱ ተበጥሶብኝ ነው። እሱን ስቀጥል ትምህርት ቤቱ በሙሉ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ቀረ፤ የሒሳብ መምህሩ አጋጣሚውን አግኝቶ አዲስ ምዕራፍ ጀመረ። ልጆቹ እስካሁን ይረግሙኛል።

ቤት ስንገባ ልጅሽ ሽንኩርት እየላጠች፣ "አባዬ፣ በመስኮት አይቼሃለሁ። ምን ነገርካት?" አለችኝ።

"የነገርኳት የኔ ነው።"

ሳቀች! በእኔ ቀልድ! ሽንኩርቱን አስቀምጣ፣ "በቃ እንለዋወጥ፤ የኔን ልንገርህ፣ ያንተን ትነግረኛለህ" አለች።

የእሷ ይኸውልሽ፦ ሳቅሽ እየጠፋባት ነው። እንዴት እንደምትስቂ ለማስታወስ ትሞክርና አይመጣላትም። ስትደውዪ "አጥኚ፣ ብዪ፣ በርቺ" ነው። እሷ አንቺን እንዳታስለቅስሽ ዝም ትላለች፣ አንቺ እሷን እንዳታስለቅሻት ትመክሪያለሽ፣ እኔ መሀላችሁ ገብቼ እቀባጥራለሁ። እንግዲህ በሚቀጥለው ስትደውዪ ምክሩን ተዪና ሳቂላት። የሚያስቅ ካጣሽ ይህን የእጅ ጽሑፌን እያየሽ።

ሳይኮሎጂስቷን ግን አሁንም እቀናባታለሁ። ይህን ከእኔ በፊት የሰማችው እሷ ናት።

ጤናሽን ይስጥሽ፤ እጅሽ የነካው ይባረክ፤ የሄድሽበት መንገድ ራሱ መልሶ ያምጣሽ።

ባልሽ፣ ባለደወሉ

ከጻፍኩልሽ ሁሉ አንዷን ብቻ ፈጥሬያታለሁ። ገመዱ አልተበጠሰም። እዚያች የምትሽከረከር ወንበር ላይ ተቀምጬ ስለ አንቺ ሳወራ ሰዓቱ አለፈብኝ።