ታንኬን ለማስረከብ ስለመቸገሬ

ለተከበሩ የቀበሌያችን ጸጥታ ጉዳዮች ኃላፊ፣
አርባ ምንጭ

ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ማኅተምዎ እንዴት ሰነበቱ? ማኅተምዎን ለይቼ መጠየቄ ካየሁት ስለቆየሁ ነው። እኔ አገልጋይዎ ካሱ ኦይታ፣ ከዚህ ከተማ መውጣት ከመከልከሌ በቀር፣ በጥበቃዎ ሥር ደኅና ነኝ።

፩. እንደሚያውቁት ጌም ቤት አለኝ። ድሮ ጎረምሶች በወረፋ ሲጣሉ አስታራቂው እኔ ነበርኩ፤ ዛሬ ሁሉም ጦርነቱን በስልኩ ይዞ ስለሚዞር ቴሌቪዥኑ ፊት የቀረነው እኔና ዝንቦቹ ነን። ስለዚህ ቤቱን ዘግቼ፣ ከመስቀል በፊት ጨንቻ ወደምትኖረው ታላቅ እህቴ ልክነሽ ልጠቃለል ቆረጥኩ። ዓይኗ ደክሟል፤ እጇን ይዞ ደመራ የሚያወጣት ከእኔ ሌላ የላትም።

፪. አንድ ቤት ከአንድ የጦር መሣሪያ በላይ እንዳይዝ ተብሎ ምዝገባ በመጣ ጊዜ፣ ትጉህ ሠራተኛዎ ወይዘሪት ማዕዶት፣ አባባ መሣሪያ አለዎት ወይ ብትለኝ፣ ወደ ቴሌቪዥኑ እያመለከትኩ ሦስት ታንክና አንድ ሄሊኮፕተር አልኳት። የሽማግሌ ጨዋታ ነበር። እሷ ጻፈችው፣ እርስዎ ፈረሙበት፤ ስላመኑኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፫. ንግድ ፈቃድ ለመመለስ የእርስዎ ክሊራንስ ያስፈልጋል፤ ክሊራንሱ የሚገኘው ከገደቡ የተረፈውን መሣሪያ ሳስረክብ ነው። ማጫወቻውን ተሸክሜ ብመጣ፣ የጠየቅንዎ ታንኩን እንጂ ሣጥኑን አይደለም ተብዬ በክብር ተመለስኩ። ግብሩ ግን ያለ ክሊራንስ ይመጣል።

፬. በአገራችን ወግ፣ እርጥብ ሳር ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌን አልፎ የሚሄድ የለም። እኔም ሳሬን ይዤ ደጅዎ ተንበረከክሁ። እርስዎ ወግ አክባሪ ነዎትና አላለፉኝም፤ በጓሮ በር ወጡ።

ልክነሽ በየቀኑ እየደወለች መቼ ትመጣለህ ትለኛለች። ታንኬን የሚረከበኝ አጣሁ ብዬ እንዴት ልንገራት?

ዕድሜዎን እንዲያረዝምልኝ፣ ማኅተምዎንም እንዲያቀልልኝ የምለምን፣ የቀበሌው ብቸኛ ባለታንክ፣

ካሱ ኦይታ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ እርስዎ የላኩት ሚሊሻ ወንደሰን መሣሪያውን ሊያጣራ መጣ። ቁጭ ብሎ ሲነዳ ሦስቱንም ታንክ አቃጠለ። ከገደቡ ገባሁ ብዬ ደስ ሲለኝ፣ በመንግሥት ሠራተኛ እጅ የወደመ ንብረት ጉዳይ ተጣርቶ እስኪያልቅ ቤቱ እንዳይዘጋ አዘዘኝ። ከዚያ ወዲህ ለማጣራት በየቀኑ ይመጣል፤ ሄሊኮፕተሩንም ለምዶታል። ለነገ ደግሞ ለእርስዎም ወንበር እንዳዘጋጅ ነግሮኛል።