የመረጥኳት ክፍል

ቡራዩ፣ ጥር 12 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለየህያ፣

አሰላሙ አለይኩም። የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት አደረገህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ልጅህ ኢክላስ በሰሞኑ ረብሻ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ቤቱን ገለባብጣዋለች።

«ቡራዩ ከእንግዲህ አያዋጣም፣ ሱቁን ሽጪና ነይ፤ ለአዲሱ ሳሎናችን ግድግዳ አንድ ሥዕል ምረጪ» ብለህ የዓለም ዝነኛ ሥዕሎች ያሉበትን ካላንደር ላክህልኝ። አይ ሽንገላ! ከተጋባን ጀምሮ መጋረጃውንም ምንጣፉንም የመረጥከው አንተ ነህ። ድንገት ስትጠይቀኝ ግራ ገባኝ፤ ለካ ምን እንደምወድ አላውቅም።

በረብሻው መንገድ በተዘጋ ቁጥር ሱቁን ከውስጥ ቆልፌ ሥዕሎቹን ማገላበጥ ያዝኩ። አንተ የምትሞትላት ሞናሊዛ እኔን አልሳበችኝም። ላትገዛ ዋጋ የምትጠይቅ ደንበኛ ትመስላለች። እናትህም የሰው ፊት የተሰቀለበት ቤት አልሰግድም ብለዋል። የሱፍ አበባዎቹ ደስ ይላሉ፣ ግን ጠውልገዋል፤ ገበያ ላይ ባገኛቸው ዋጋ አስቀንስ ነበር። የጃፓኑን ማዕበል ኢክላስ ወደደችው፣ እኔን ራሴን አዞረኝ።

በመጨረሻ አንዷ ላይ ቀረሁ። አንድ ሆላንዳዊ የሳላት የገዛ መኝታ ክፍሉ ናት፤ አልጋ፣ ሁለት ትራስ፣ ሁለት ወንበር፣ ሰው ግን የለም። ወለሏ ተዳፋት፣ ግድግዳዋ ጠማማ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ባየኋት ቁጥር ሆዴ ይባባል። ወደድኳት፣ አለቀ። ማንም ሞናሊዛ ትበልጣለች ቢለኝ አልሰማም።

ጎረቤታችን አናጢው ኦቦ ደቻሳ ፍሬም ሠሩላት። ይቺን ክፍል የሠራ አናጢ ሰክሮ ነበር ብለው ብዙ ሳቁ። ባለፈው ሳምንት አስፋልቱ ላይ ጎማ ሲቃጠል እሳቸው በርጩማቸውን አምጥተው ሱቃችን በር ላይ እስኪመሽ ተቀመጡ፤ ማንም ደፍሮ አልተጠጋም። ከውስጥ ሆኜ፣ ልሄድ ነው፣ ባሌ ጠርቶኛል ብላቸው፣ «ራቢአ፣ እኔ እዚህ እያለሁ የት ትሄጃለሽ?» አሉኝ። በሩን ከፍቼ ቡና አቀበልኳቸው።

አንተም መልስ ትጠብቃለህ። ሥዕሏን ሰቅያታለሁ። የሰቀልኳት እዚሁ ቡራዩ፣ እኛው ሳሎን ነው። ሱቁም አይሸጥም። እንደምትቆጣ አውቃለሁ፤ ተቆጥተህም ቢሆን ና፣ ናፍቀኸኛል።

አላህ መንገድህን ያቅናልህ፤ ወደዚህ የሚያመጣህን ማለቴ ነው።

ባለቤትህ ራቢአ