ለአንድ ፈቃድ ሦስት ሽማግሌ

ለተከበሩ አቶ ታረቀኝ እንዳለው፣
በቆቦ የማሠልጠኛችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ፓስወርድዎ እንደምን ሰነበታችሁ እያልኩ፣ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው በግል የጻፍኩልዎ ስድስት ማመልከቻዎች በጠረጴዛዎ መሳቢያ በሰላም እንዳረፉ ስለሰማሁ መሆኑን በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። ደስታዬ ልክ ስላለፈ ጽሑፌ ቢዘል ይቅር ይበሉኝ።

1ኛ፦ የአርባ አንድ ሠልጣኞቼ የምዘና ምዝገባ እስከ ዓርብ ካልተላከ ዓመቱ እንደሚያመልጣቸው፣ ፎርሞቹም ከክፍሌ ወጥተው ሰርቨሩ ሳይደርሱ መንገድ እንደሚቀሩ አመልክቼ ነበር። የት እንደሚቀሩ ለማወቅ በመስመሩ የሚያልፉትን ፓኬቶች፣ ማለትም የመረጃ እሽጎች፣ የሚያዳምጠውን ፕሮግራም ማስነሳት ነበረብኝ፤ እሱ ደግሞ ዩኒክስ በተባለው የሰርቨሩ ሥርዓት ሕግ የሚታዘዘው ሩት ለሚባለው የበላይ ተጠቃሚ ነው። ሩት እርስዎ ብቻ ነበሩ። የሰው ገመና ከእኔ ጆሮ ይጠበቅ ብለው ሲከለክሉኝ፣ ለገመናችን መጨነቅዎ አንጀቴን በላው።

2ኛ፦ ማመልከቻ አልሆን ሲል እንደ አገራችን ወግ ሽማግሌ ላክሁ። ሼህ መህዲ፣ አቶ ወልደ ሚካኤልና ከሮቢት የመጡት አቶ ሙሀመድሰይድ የመጣንበት ካልተፈጸመ አንቀመጥም ብለው ሳሎንዎ ውስጥ ሲቆሙ፣ ባለቤትዎ ለጋብቻ የመጡ መስሏቸው ልጃችሁን ፍሬሰላምን አዲስ ቀሚስ አስለብሰዋት ነበር አሉ። ልጅቷን በከንቱ ስላስደነገጥኩ ከልቤ አዝናለሁ።

3ኛ፦ እርስዎም ሽማግሌ ባዶ እጁን አይመለስም፣ ለአንዷ ሰጥቶ ሌላውን ማስቀየምም ነውር ነው ብለው የማሠልጠኛውን ሠላሳ ሠራተኞች በሙሉ ሩት አደረጓቸው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጥበቃው አቶ ጋሹ የቀሩባቸውን ቀናት ከመዝገብ አጠፉ፤ የዕቃ ግምጃ ቤቱ እሸቴም የእርስዎን ማዕረግ ከኃላፊ ወደ ተጠባባቂ ለወጠው።

እኔ ግን አዳመጥኩ። የማንንም ደብዳቤ አንብቤ እንደሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፤ ያየሁት የላኪና የተቀባይ አድራሻ ብቻ ነው። ለካ በተቆለፈው ቢሮዎ ያለችው ፕሪንተር የሰርቨሩን አድራሻ ይዛ የልጆቼን ፎርም ስትቀበል ኖራለች! አድራሻውን የሰጧት እርስዎ መሆንዎም ተመዝግቧል። ለወጥኩላት፤ ሐሙስ ከሰዓት አርባ አንዱም ተመዘገቡ። ሠልጣኜ ኢቅራ እልልታዋን ስታቀልጠው በር ላይ የቆሙት ባጃጆች ሠርግ መስሏቸው ጥሩምባ ነፉ። እኔም በሠላሳ አራት ዓመቴ አብሬ ዘለልኩ።

ለአንዲት መምህርት የነፈጉትን ለሠላሳ ሰው በማደልዎ፣ የአርባ አንድ ቤተሰብ ምስጋና ሳይገባዎት እንዲደርስዎ እለምናለሁ።

ከመስመሩ ዳር ጆሮዋን ጥላ የምትጠብቅ አክባሪዎ፣
ጀዊሪያ ሙንተሲር
የኔትወርክ መምህርት

ሳልረሳው፦ ዳይሬክተሩ የሩትነቱን መብት ከሁላችንም ሰብስበው ለእኔ ብቻ ሰጥተዋል። ዛሬ ጠዋት ለመግባት አራት ጊዜ ሞክረው «አልተፈቀደም» መባልዎን ከመዝገቡ አየሁ። ግድ የለም፣ ሽማግሌ ይላኩ። ወንበር አዘጋጅቻለሁ።