የወ/ሮ ኦሌታ ስታምፐር ሪቭስ እና የአንዲት ምት የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ ኦሌታ ስታምፐር ሪቭስ ከአባታቸው ከአቶ ኤልበርት ስታምፐርና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዞራ ፊሊፒ በቨርጂኒያ፣ ግራይሰን አውራጃ፣ ሊክ ብራንች በተባለው ሸለቋችን እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 1939 ተወለዱ። ከስድስት ልጆች ሦስተኛዋ እሳቸው ሲሆኑ፣ ይህን የጻፍኩት እኔ ቨርሊን አምስተኛው ነኝ። እንዲህ በማዕረግ ስጽፍላቸው ቢያዩኝ ኖሮ ይስቁብኝ ነበር።

ትምህርታቸውን ሸለቆው አፍ ላይ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ትምህርት ቤት ጀምረው በ1957 ሁለተኛ ደረጃን አጠናቀቁ። ዋናው ትምህርታቸው ግን የተጀመረው በዘጠኝ ዓመታቸው ነው። አጎታችን ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ከሰል ቁፋሮ ሲሄድ ማንዶሊኑን፣ እንደ ትንሽ ጊታር ያለውን ባለ ስምንት ክር መሣሪያ፣ አልጋ ሥር ትቶ ሄደ፤ ተመልሶም አልጠየቀው። ከስምንቱ ክሮች የተረፉት አምስት ብቻ ነበሩ። አባታችን የጎደለውን ክር አሟልተው እህቴን በስተግራቸው አስቀመጡና ቫዮሊናቸውን ጀመሩ። ጣቴን እያየሽ ተከተዪ ከማለት ሌላ የማስተማር ዘዴ አልነበራቸውም። ቀስ አይሉም፣ አይደግሙም፣ አያሞግሱም። በድሮው አጨዋወት ማንዶሊን ከቫዮሊን ጋር እኩል ነው የሚሄደው፤ ያው ዜማ፣ ያው እርምጃ፣ ማንም ማንንም አይቀድምም። ከሁለት ዓመት በኋላ አባታችን ወደ እህቴ ዞር ብለው ሳያዩ መጫወት ጀመሩ። በእሳቸው ዘንድ የምስክር ወረቀት ማለት ይህ ነበር።

ከዜማዎቹ ሁሉ አባታችን የሚሳሱለት “ሦስተኛው መሻገሪያ” የሚባለውን ነበር። ከእናታቸው ከአያታችን ከማሃላ የተቀበሉት ነው። ጠማማ ዜማ ነው፤ ሁለተኛው ክፍል ላይ አንዷ ድምፅ ከሚገባት በላይ በአንድ ምት ትረዝማለች። የሰፈሩ ጨፋሪ ሁሉ ያቺን ምት ያውቃታል፤ እግሩን አንስቶ ይጠብቃታል። የማያውቃት እንግዳ ግን የሰው እግር ሲረግጥ ያመሻል።

በ1955 እህቴ በጎረቤታችን ሬዲዮ ብሉግራስ የሚባለውን አዲስና ፈጣን ሙዚቃ ሰሙና አበቃላቸው። እዚያ ማንዶሊኑ የቫዮሊን ጥላ አይደለም። ተራው ሲደርስ ብቻውን ወጥቶ ይናገራል፤ ተራው ካልሆነ ደግሞ ክሮቹን እያፈነ በምትና በምት መካከል “ጭክ፣ ጭክ” እያለ እንደ ከበሮ ይቆርጣል። አንድ ሸክላ ገዝተው ፍጥነቱን ለመቀነስ በጣታቸው ጠርዙን እየተጫኑ እያንዳንዷን ድምፅ ለቀሙ። እናታችን ቤቱ ውስጥ የታመመች ላም ያለች መሰለኝ እያሉ ከወር በላይ አማረሩ። ትምህርታቸውን እንደጨረሱ የካልሲ ፋብሪካ ተቀጠሩ። ማሽኑ ምቱን ሲመታ እሳቸው መካከሉን በእግራቸው እየቆረጡ ይውሉ ነበር፤ አለቃቸው የእግር ሕመም ያለባቸው መስሎት ወንበር እንዳመጣላቸው ይነገራል።

በ1960 ከአቶ ዶይል ሪቭስ ጋር ትዳር መሠረቱ፤ ሌኖራንና ጋርኔትን ወለዱ። ዶይል በሕይወቱ አንድም የሙዚቃ መሣሪያ አልነካም። መኪና ይነዳል፣ ወንበር ይሸከማል፣ ያጨበጭባል። እህቴም ትዳራቸው የሰመረው ለዚሁ ነው ይሉ ነበር።

አሁን እውነቱን ልናገር። በ1962 ባንድ አቋቋምን፤ እኔ ትልቁን ባስ እመታለሁ። ለነሐሴው የቫዮሊን ተጫዋቾች ውድድር “ሦስተኛው መሻገሪያን” መረጥን። ብሉግራስ ሲጫወቱት ደግሞ ፈጣን ነው፤ ጊታሩ፣ ባሱና የማንዶሊኑ ቆረጣ እንደ ማሽን ጥርስ መግጠም አለባቸው። ያቺ ትርፍ ምት ስትመጣ እኔ ሁልጊዜ እሰናከላለሁ። አስራ አንድ ጊዜ ሞከርን፤ አስራ አንድ ጊዜ ወደቅሁ። በመጨረሻ እህቴ ምቷን ቆርጠው ጣሏት። ዜማው ቀጥ አለ፤ እኛም አንደኛ ወጣን።

አባታችን ሜዳው ጠርዝ ላይ ቆመው ሰምተዋል። እህቴ የሽልማቱን ሪባን ይዘው ወደ እሳቸው ሮጠው ሲሄዱ፣ ባርኔጣቸውን አስተካከሉና፦

“ቆንጆ ነው ልጄ። የኔ ግን አይደለም።” አሉ።

ከዚያ ወዲያ አልተቆጡም፣ አላኮረፉም። እሁድ እሁድ ባቄላና የበቆሎ ዳቦ አብረን እንበላለን፤ ሌላውን ዜማ ሁሉ አብረው ይጫወታሉ። እህቴ “ሦስተኛው መሻገሪያን” ሲጀምሩ ብቻ አባታችን የቫዮሊን ደጋናቸውን ጉልበታቸው ላይ ያሳርፋሉ። ዜማው ግን በሬዲዮና በሸክላ ወጥቶ ነበር፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ከእኛ ሸለቆ እስከ ቴነሲ ያለው ሰው ሁሉ ቀጥ ያለውን ተማረ። አስራ ሰባት ዓመት እንዲህ አለፈ።

በ1979 መገባደጃ አባታችን ግማሽ አካላቸውን ሽባ ሆኑ። እህቴ ባንዱን ትተው እንደ ልጅነታቸው በስተግራቸው ተቀመጡ፤ ዜማውን በድሮው መልኩ ሊጫወቱላቸው። ጣታቸው እምቢ አለ። ትርፏ ምት የት እንደነበረች ጠፍታቸዋለች። እህቴ ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ለእናታችን ቀብር እንኳ እንዲያ አላለቀሱም። የድሮዎቹ ጨፋሪዎች አልፈው፣ ምቷን ከሚያውቁት በሕይወት የቀሩት አባታችን ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ቫዮሊን ማንሳት አይችሉም።

ስለዚህ አባታችን አዜሙላቸው። በተጣመመ አፋቸው፣ እየተቆራረጠ። ሁለተኛው ክፍል ላይ ሲደርሱ ቆም አሉና አየር ሳቡ፤ ከዚያ ቀጠሉ። እህቴ ደክሟቸው መስሏቸው ይረፉ ቢሏቸው አባታችን ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ድካም አይደለም። እናቴ እዚህ ጋ ትተነፍስ ነበር።”

አያታችን ማሃላ ቤት ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ አይገባም ነበር፤ ዜማውን ያወረሱት በአፋቸው ነው። አባታችን ያን ትንፋሽ ከነቦታው በቫዮሊን አኖሩት፤ እኛ ነን ትርፍ ያልነው። ክረምቱን ሙሉ አባታችን እያዜሙ እህቴ እየተከተሉ ምቷን ወደ ቦታዋ መለሷት። አባታችን በሚቀጥለው መጋቢት አረፉ፤ በመጨረሻው ሳምንት በደህናው እጃቸው አልጋው ላይ ምቱን ከእህቴ ጋር አብረው መትተዋል።

ከዚያ በኋላ ባሉት አርባ ሦስት ዓመታት እህቴ በየሐሙሱ ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤታቸው ውስጥ ማንዶሊን አስተማሩ። ብሉግራሱን አልካዱም፤ ቆረጣውንም፣ ብቻውን ወጥቶ መናገሩንም እንደ ድሮው አጨዋወት እኩል አስተማሩ። “ሦስተኛው መሻገሪያን” ከነትንፋሹ ሳይዝ ግን ከደጃቸው የወጣ ተማሪ የለም። በየነሐሴው ውድድር ሜዳ ድንኳን ለድንኳን ይዞራሉ። ቀጥ ያለውን የሚጫወት ባዕድ ሲያገኙ ዜማው እስኪያልቅ በጨዋ ደንብ ጠብቀው፣ “ይቅርታ፣ ይህን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ላስተካክልላችሁ” ይላሉ። አንዳንዱ ሰው እብድ መስለውት ነበር። መጫወት ሲጀምሩ ግን ወንበር ይለቅላቸዋል።

ከ2021 ጀምሮ የሳንባ ሕመም ጸናባቸውና በኦክስጅን ይረዱ ነበር። ትምህርቱን ግን አላቋረጡም፤ መጫወት ሲያቅታቸው በጣታቸው ብርድ ልብሱን እየመቱ ይቆጥሩ ነበር። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 2023 በተወለዱ በ84 ዓመታቸው ልጆቻቸው በተገኙበት በቤታቸው አረፉ። ባለቤታቸው አቶ ዶይል ቀድመዋቸዋል። ልጆቻቸው ሌኖራና ጋርኔት፣ አምስት የልጅ ልጆች፣ እኔ ወንድማቸው፣ እንዲሁም ቁጥራቸውን እሳቸው ብቻ የሚያውቁት ተማሪዎቻቸው አሉ።

በቤተ ክርስቲያናችን ደንብ የሙዚቃ መሣሪያ ከደጃፉ አያልፍም፤ እህቴም ደንቡን አክብረው ኖረዋል። ስለዚህ ሠላሳ አንድ ማንዶሊኖች ውጭ ትልቁ ዛፍ ሥር እየጠበቁን ነው። ወደ መቃብሩ ስንወጣ “ሦስተኛው መሻገሪያን” ይጫወታሉ። የማንዶሊን ድምፅ ቶሎ ይሞታልና፣ ሁለተኛው ክፍል ላይ ሁሉም በአንድነት ዝም ያሉ ይመስላችኋል። የተሳሳቱ እንዳይመስላችሁ። እህቴ ለእኔም ትእዛዝ ትተዋል፤ በሌኖራ እጅ ተጽፎ ደርሶኛል፦ “ቨርሊን ባሱን ይተወው። እዚያ ቦታ ላይ ይተንፍስ፤ እሱን እንኳ አያቅተውም።”

እሺ እህቴ፣ እተነፍሳለሁ። እናንተም አብራችሁኝ ተንፍሱ። ለአያታችን፣ ለአባታችንና ለእሳቸው ትንፋሽን የሰጠ ጌታ የሰጠውን በክብር ይቀበል፤ ነፍሳቸውንም በደጋጎቹ ዘንድ ያሳርፍልን። አሜን።