ለታናሻችን የላክሽለት ኢንቨርተር

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ የወገብ ሕመምሽ ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ ሁለቱ ወንድሞችሽ እንደ ሁልጊዜው መንገድ ላይ ነን፤ ጤናችን ደህና ነው። በስልክ ትቼ በወረቀት የምጽፍልሽ ነገሩ ስለ ታናሻችን ስለሆነ ነው። እሱ ደግሞ ረዳቴ ስለሆነ ከጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ ከጎኔ አይጠፋም።

ያ የላክሽለት፣ የባትሪን ኃይል እንደ ቤት መብራት የሚያደርገው ኢንቨርተር ደርሶታል። የደረሰ ዕለት ቀይና ጥቁር ገመዱን ከመኪናችን ባትሪ ጋር አሠረና ሶኬቱን ከወንበሩ ሥር አበጀው። ከዚያ ወዲያ በቆምንበት ሁሉ ሾፌሩም፣ ጫኙም፣ መንገደኛውም ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ወደ እሱ ነው። ድሮ እሱ የእኔ ወንድም ነበር፤ ዛሬ እኔ የ«ባለመብራቱ» ወንድም ሆኛለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት መሪ የጨበጥኩ ሰው! አልደብቅሽም እትዬ፣ ቅናት አንጨረጨረኝ። ታላቁን ረስታ ለታናሹ እያልኩ አንቺንም በሆዴ አኮረፍኩሽ።

ባለፈው ሳምንት ሲሚንቶ ለማራገፍ ተራ ስንጠብቅ እሱ ምሳ ሊበላ ሄደ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። «ጋሼ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ከስልክ በቀር ምንም እንዳትሰካ» ብሎኝ ነበር። እኔ በእልህ የጋቢናችንን ቬንትሌተርም ትንሿን ቴሌቪዥንም ሰክቼ ለጥ ብዬ ተኛሁ። ከምሳ ተመልሶ ሲቀሰቅሰኝ ቬንትሌተሩ ቆሟል። ቁልፉን ባዞር መኪናው ጭጭ። ባትሪው ሞቷል። ከኋላ ያሉት መኪኖች ጥሩምባቸውን ሲያንባርቁ እዚያው ግቢ ውስጥ የነበረው የመኪናው ባለቤት ሰምቶ መጣ። «ምን ሆኖ ነው?» ሲለኝ ምላሴ ቀደመኝ፤ «የሱ ኢንቨርተር ነው ባትሪውን የጨረሰው» አልኩ። ሰውየው በሰው ፊት የስድብ ናዳ አወረደበት፤ ዕቃውንም እዚያው አስነቀለው። ወንድምሽ «እሺ» ብሎ ጎንበስ አለና ገመዱን ፈታ።

ሁለት ቀን ውሸቴን ይዤ ከረምኩ። በሦስተኛው ቀን ለመኪናው ባለቤት ደውዬ እውነቱን ተናገርኩ፤ ለወንድምሽም «ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ ጋሼ» አለኝ። «ሰውየው ከመድረሱ በፊት የቬንትሌተሩንና የቴሌቪዥኑን ገመድ የነቀልኩት እኔ ነኝ። በጫኞቹ ፊት አንተ ከምትሰደብ እኔ ብሰደብ ይሻላል ብዬ ነው።»

አየሽልኝ? በመብራቱ የበለጠኝ አንሶ በሆደ ሰፊነትም በለጠኝ! ልሳቅ ላልቅስ ግራ ገባኝ። ባለቤቱ ስለፈቀደ ዛሬ ጠዋት ኢንቨርተሩን መልሰን ስናስር፣ ገመዱን የያዝኩለት እኔ ነኝ።

ለእኔ ሌላ እንዳትልኪ፤ ለአንድ መኪና አንዱ ይበቃል። ብቻ ስትደውዪ «እሱ እንዴት ነው?» ከማለትሽ በፊት «አንተስ እንዴት ነህ?» በዪኝ።

ባለቤትሽን እጅ ንሺልኝ። አማትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ትልቋን ልጅሽን «አጎትሽ ትምህርቱ እንዴት ነው ብሏል» በያት፤ መንታዎቹን ጉንጭ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ።

ታላቁ ወንድምሽ
ከማራገፊያው ግቢ፣ ከጋቢና ውስጥ
የካቲት 9 ቀን